መሬቱ የናንተ አይደለም፤ ቤቱን ግን በደንብ ሽጡት

ሰላም ልጆች። ዛሬ ደሴን ጭጋግ ውጧታል፤ ጦሳ ተራራ የት እንደገባ እንጃ። ጉልበቴ ብርድ ስለማይወድ ከቤት አልወጣሁም፣ እና ስንት ጊዜ ልጻፈው ብዬ የተውኩትን ነገር ዛሬ ልገላገለው።

ማን ነህ ለምትሉኝ፣ 38 ዓመት ግንባታ ላይ የቆየሁ ሰው ነኝ። መጀመሪያ ፎርማን ነበርኩ፣ ኋላ የራሴን ሥራ ጀምሬ ደሴና ኮምቦልቻ ላይ ቤት እየሠራሁ ሸጥኩ። የእህቴ ልጅ ኮምቦልቻ ነው ያለው። ቀን ፋብሪካ ይውላል። ማታ ደግሞ ኢንተርኔት ላይ ባለ ዓለም ውስጥ ባዶ መሬት ይገዛል፣ ያስተካክላል፣ ቤት ይሠራበታል፣ ዛፍ ይተክላል፣ ከነሙሉ ዕቃው ይሸጠዋል። መጀመሪያ ሲነግረኝ ሳቅሁበት። "የሌለ መሬት?" አልኩት። "ጋሼ፣ መጥተው ይዩት" አለኝ። ሐረጎን ቁልቁል ወርጄ ሄድኩ።

ዓለሙ ሰከንድ ላይፍ ይባላል። ሊንደን ላብ የተባለ የሳን ፍራንሲስኮ ኩባንያ በፈረንጆቹ 2003 የከፈተው ነው። ጨዋታ ይመስላል እንጂ አሸናፊና ተሸናፊ የለበትም፤ ሰው ስክሪን ላይ በሚወክለው ምስል፣ በአምሳያው፣ ገብቶ ይዞራል፣ ያወራል፣ ይጨፍራል፣ ቤት ይገዛል። መሬቱን ሪጅን በሚሉት ይከፋፍሉታል፤ አንዱ ሪጅን 256 በ256 ሜትር ነው፣ 65,536 ካሬ። የራሱ ገንዘብ አለው፣ ሊንደን ዶላር ይሉታል፣ ወደ እውነተኛ ዶላር ይመነዘራል። መሬት የያዘ ሰው ደግሞ በየወሩ ለኩባንያው ይከፍላል፣ ካልከፈለ መሬቱ ይሄዳል። እዚህ ላይ ሲደርስ "ቆይ፣ ይሄማ ሊዝ ነው!" አልኩት።

ነውም። ልጁ ውሉን እያነበበ ተረጎመልኝ፤ መሬት ይበሉት እንጂ የሚሰጧችሁ የመጠቀም ፈቃድ ነው። በፈረንጆቹ 2006 አንድ የፔንሲልቫኒያ ጠበቃ በኩባንያው የመሬት ጨረታ ቀዳዳ ገብተህ በርካሽ ገዝተሃል ተብሎ አካውንቱ ተዘጋ፣ መሬቱም አብሮ ሄደ። ከሰሳቸው፣ በ2007 በስምምነት ጨረሱ። እኛ አገር ደግሞ ከ1967ቱ አዋጅ ወዲህ መሬት አይሸጥም። እኔ ዕድሜዬን ሙሉ የሸጥኩት ቤት ነው፣ ውሉ ላይ የሚጻፈውም ቤት ነው፣ ገዢው ግን ሲመጣ የሚያየው ሰፈሩን፣ መንገዱን፣ ውሃውን ነው። ስለዚህ ይህ ሥራ ለእኛ ልጆች እንግዳ አይደለም። በሌላ ሰው መሬት ላይ የራስን ድካም መሸጥ እናውቅበታለን። እናንተም የምትሸጡት ድካማችሁን መሆኑን ካወቃችሁ ከብዙ ስህተት ትድናላችሁ፤ መሬት የምሸጥ ነኝ ያለ ግን ዋጋ ይወጣል ብሎ ቁጭ ይላል።

ቁጭ ያሉትን አይተናል። ፌስቡክ የወደፊቱ እንዲህ ያለ የኢንተርኔት ዓለም ነው ብሎ የኩባንያውን ስም ሜታ ብሎ የቀየረው ጥቅምት 18 ቀን 2014 ነው። ያን ሳምንት በጦርነቱ እኛ ደሴዎች የት እንደነበርን ታስታውሳላችሁ፤ እኔ ሁለት ፍራሽና አንድ የወረቀት ሻንጣ ይዤ ደብረ ብርሃን ዘመድ ቤት ነበርኩ፣ ሻንጣው ውስጥ የቤቴ ካርታ አለ። በዚያው ሰሞን ዲሴንትራላንድ በተባለ ሌላ የኢንተርኔት ዓለም ውስጥ 116 ቁራጭ መሬት ወደ 2.4 ሚሊዮን ዶላር በሚጠጋ ዋጋ ተሸጠ። እኔ የሰማሁት በኋላ ነው። ስሰማው ምን እንደተሰማኝ አልነግራችሁም። ብቻ ያን ጊዜ ብዙ ሰው ባዶ መሬት እየገዛ፣ እዚህ አገር ቦታ አጥረው እንደሚያስቀምጡት አጥሮ አስቀመጠ። በፈረንጆቹ ከ2022 ጀምሮ ዋጋው ወረደ፣ መሬቱም እንደታጠረ ቀረ።

ከዚያ ሁሉ በፊት በዚህ ነገር ስሟ የወጣው ሴት አንሺ ቸንግ ትባላለች፤ የአምሳያዋ ስም ነው። ሰከንድ ላይፍ ውስጥ መሬት በጅምላ ትገዛለች፣ ትከፋፍለዋለች፣ መልክ አስይዛ ትሸጣለች፣ ታከራያለች። በፈረንጆቹ 2006 ሀብቴ ከአንድ ሚሊዮን ዶላር አለፈ አለች። መሬቱ ላይ ሠርታ ነው እንግዲህ፣ አጥራ አይደለም።

አሁን ወደ ልጁ ሥራ ልግባ።

የመጀመሪያ ቤቱን ከእኔ አሮጌ ፕላን ገልብጦ ነው የሠራው። ጣሪያው 2.80 ሜትር፣ በሩ 90 ሳንቲም፣ ልክ እንደ እውነተኛ ቤት። ሲያስጎበኘኝ ዓይኔን አዞረኝ። ለካ እዚያ የምታዩት በአምሳያችሁ ዓይን ሳይሆን ከጀርባውና ከአናቱ በላይ በምትከተል ካሜራ ነው፤ ካሜራዋ ጣሪያ እየመታች ግድግዳ ውስጥ ትገባለች። "ልጄ፣ ይሄ ቤት ለሰው ሳይሆን ለካሜራ ነው መሠራት ያለበት" አልኩት። ጣሪያውን አምስት ሜትር ገደማ አደረገው፣ በሮቹን ሰፋ አደረጋቸው፣ ኮሪደሩን ጭራሽ አወጣው። እኔ እንዲህ ያለ ቤት ብሠራ ማዘጋጃ ቤት ይስቅብኝ ነበር፣ እዚያ ግን ልኩ እሱ ነው።

ቤቱ ግን አሁንም አልተሸጠም። ሦስት ወር። ዋጋ ቀነሰ፣ መዋኛ ጨመረ፣ እንደገና ዋጋ ቀነሰ። አንድ ቅዳሜ "በሩ ወዴት ነው የሚያየው?" ብዬ ጠየቅሁት። ሄደን አየን። ጎረቤት ያለች ከ16 ካሬ የማትበልጥ ቁራጭ መሬት ላይ አንድ ሰው የሚሽከረከር የማስታወቂያ ሰሌዳ ተክሏል፤ ልክ በሩ ፊት። ቤቱ ውስጥ የገባ ሰው ሁሉ ዞር ሲል እሷን ነው የሚያየው። ጀርባው ላይ ደግሞ ባሕር አለ፣ ፀሐይ ትጠልቅበታለች፣ እሱ እዚያ ጋ መታጠቢያ ቤት ሠርቷል! ቤቱን አዞረው። እኔ መዶሻና ሁለት ወር የሚያስፈልገኝን ሥራ እሱ በአንድ ደቂቃ ጨረሰው፣ አንዳንዴ በዚህ እቀናለሁ። በሰሌዳው በኩል ረጃጅም ዛፍ ደረደረ። በዚያው ሳምንት ተሸጠ።

ሰሌዳዋ ለምን እንደተተከለች ገብቷችኋል? ጎረቤት ተማርሮ በውድ እንዲገዛት ነው። ስለዚህ ከመግዛታችሁ በፊት መሬቱ ላይ ቁሙና በአራቱም በኩል እዩ። ማታም ግቡ፣ ቀንም ግቡ። አንድ ሰፈር ቀን ጸጥ ብሎ ማታ ጭፈራ ቤት ሆኖ ሊያድር ይችላል፤ ጭፈራ ቤት ሲሞላ ደግሞ ሪጅኑ ሁሉ ይንቀራፈፋል፣ የእናንተ ገዢም በር ከፍቶ እስኪገባ ይሰለቻል።

ቁልቁለት ላይም አንድ ነገር ልበል። ደሴ ላይ ቤት የሠራ ሰው ስለ ቁልቁለት አይዋሽም። አዘዋ ገደል አፋፍ ላይ ድጋፍ ግንብ ሳያቆም መሠረት ያወጣ ሰው ክረምት ሲገባ ያውቀዋል። እዚያ ዓለም መሬት አይንሸራተትም፣ ግን ዋናው ምድር በሚሉት ክፍል አብዛኛው ቦታ ላይ መሬቱን ከመጀመሪያ ከፍታው ከ4 ሜትር በላይ ማውጣትም ማውረድም አትችሉም። ልጁ ይህን ሳያውቅ ተዳፋት ገዝቶ ሜዳ ላደርገው ብሎ ታገለ። ተወው አልኩት። ቤቱን በደረጃ ሥራው፣ ሳሎኑ ላይ፣ መኝታው ታች፣ እንደ እኛ ሰፈር። ደስ የሚል ቤት ወጣው።

ሌላው የዕቃ ልክ ነው። እያንዳንዱ መሬት የሚሸከመው ዕቃ ተቆጥሮ የተሰጠ ነው፤ ላንድ ኢምፓክት ይሉታል። ዋናው ምድር ላይ 1,024 ካሬ 351 ይይዛል። ቤቱ፣ ዛፉ፣ አጥሩ፣ ሶፋው ሁሉ ከዚች ላይ ይቆረጣል። የእህቴ ልጅ በአንድ ቤት 330 ጨርሶ ነበር፤ ያምር ነበር፣ አልዋሽም፣ ቅጠሉ ሁሉ ይወዛወዛል። ገዢ ግን የራሱን አልጋ፣ የራሱን ሥዕል ማስቀመጥ ይፈልጋል። 21 ይዞ ምን ያስቀምጥ? እኔ ግማሹን ለገዢ ተውለት እላለሁ። እሱ ሲሶ ይበቃል ይላል። ተከራክረን አልጨረስንም።

አሁን ትልቁ ነገር፣ ርክክብ።

ሁለተኛ ቤቱን በጥሩ ዋጋ የተስማማች አንዲት የውጭ አገር ሴት ገዛችው። ቤቱን ራሱ ነው የሠራው፣ አልጋውን፣ መጋረጃውን፣ ኩሽናውን፣ የግቢውን ዛፍ ግን ከገበያ ገዝቶ ነው ያስቀመጠው። መሬት ሲሸጥ "ዕቃውን አብሮ ሽጥ" የሚል ምርጫ አለ፣ እሱን መረጠ። ብሩ ገባ። ከጥቂት ደቂቃ በኋላ መልእክት መጣ፤ ባዶ ቤት ነው የሸጥክልኝ! ለካ እዚያ የሚሸጥ ዕቃ ሁሉ ከነፈቃዱ ነው የሚመጣው፤ ማባዛት ይቻላል ወይ፣ መቀየር ይቻላል ወይ፣ ለሌላ ሰው ማስተላለፍ ይቻላል ወይ። ብዙው የቤት ዕቃ ማባዛት ይፈቅዳል፣ ማስተላለፍ ግን ይከለክላል። ስለዚህ ቤቱ ወደ ሴትዮዋ ስም ዞረ፣ ዕቃው በልጁ ስም ቀረና ወደ እሱ ተመለሰ። ግማሽ ብሯን መለሰላት፣ ይቅርታ ጠየቀ፣ ሌሊቱን ሙሉ አልተኛም።

ይህን ሲነግረኝ አልተቆጣሁትም፤ እኔም ሠርቼዋለሁና። በ90ዎቹ አንድ ቤት ሸጬ ለርክክብ ስንገናኝ ጣሪያው ላይ የነበረውን የውሃ ሮቶ አወረድኩት። ከሌላ ሳይት የተዋስኩት ነበር፣ የቤቱ አይደለም። ገዢው ግን ቀብድ ሲከፍል ሮቶውን አይቷል። ነገሩ ሽማግሌ ዘንድ ደረሰ። አንድ ቆብ የደፉ አዛውንት ውሉን እንኳ አላዩትም፣ "ቀብድ በከፈለ ቀን ጣሪያው ላይ ነበር ወይ?" ብቻ አሉኝ። ነበር አልኩ። "እንግዲያው ግዛለት" አሉ። ገዛሁለት። እስከ ዛሬ ይቆጨኛል፣ ግን ልክ ነበሩ።

ስለዚህ ፎቶ ላይ የሚታየው ሁሉ ወደ ገዢው የሚያልፍ ይሁን። የማያልፍ ካለ ማስታወቂያው ላይ ለይታችሁ ጻፉት፣ በትንሽ ፊደል ሳይሆን ከላይ። የራሳችሁን ቤት ስታስተላልፉ ደግሞ ፈቃዱን እዩ፤ ሁሉንም ክፍት አድርጋችሁ ከሰጣችሁ ገዢው አባዝቶ ነገ ተወዳዳሪያችሁ ይሆናል። ሌላም አለ፤ ከአንድ ሰው ጋር በዋጋ ከተስማማችሁ "ለማንም" ብላችሁ አትልቀቁት፣ የገዢውን ስም አስገቡ። ርካሽ መሬት እያሰሰ በሰከንድ ውስጥ የሚገዛ ሮቦት ነበር፣ አንድ ዜሮ የዘነጋ ሰው መሬቱን በነጻ ሰጥቶ ነቅቷል።

ተራ ቤት ሠርታችሁ አትወዳደሩ። ኩባንያው ራሱ በፈረንጆቹ ከ2010 ጀምሮ ለከፋይ አባላቱ ቤት ይሰጣል፣ በ2019 ደግሞ ቤሊሴሪያ የሚባል አህጉር ከፍቶ 1,024 ካሬ ላይ የተሠሩ ያማሩ ቤቶችና በውሃ ላይ የሚንሳፈፉ ጀልባ ቤቶችን ማደል ጀመረ። ኮንዶሚኒየም ሲመጣ ተራ ብሎኬት ቤት ሠርቶ የሚሸጥ ሰው ምን እንደሆነ ታውቃላችሁ። እናንተ ኩባንያው የማይሠራውን ሥሩ። የእህቴ ልጅ አሁን አንድ ቤት ጥግ ላይ ረከቦት ከነስኒው፣ ከቄጠማው፣ ከሚጨስ ዕጣን ጋር ሠርቷል። ዕቃውን ሁሉ ራሱ ስለሠራው ይተላለፋል። ስኒዎቹን አሥራ ሁለት አድርጎ ነበር፣ እናቱ አይታ "ስድስት ይበቃል፣ ማን ያጥበዋል?" ብላ አስቀነሰችው።

ብሩን አትርሱ። ወርኃዊው ክፍያ በዶላር ነው። ሐምሌ 2016 የብር ምንዛሪ ለገበያ ሲለቀቅ አንዱ ዶላር ከ57 ብር ተነስቶ በሳምንታት ውስጥ መቶ አለፈ፤ ልጁ ያልሸጣቸው ሁለት መሬቶች ነበሩት፣ መሬቶቹ ሳይጨምሩ ክፍያቸው በብር እጥፍ ሊሆን ደረሰ። ከዚያ ወዲህ ከሁለት ወር በላይ የቆየ ቦታ በኪሳራም ቢሆን ይሸጣል። የምትሠሩትን ዶላር በምን መንገድ እጃችሁ እንደምታስገቡት ደግሞ መሬቱን ከመግዛታችሁ በፊት ባንክ ሄዳችሁ ጠይቁ፤ ስክሪን ላይ ያለ ገንዘብ በርበሬ አይገዛም።

ጭጋጉ ገለጥ ብሏል፣ ጦሳ ግማሹ ታየ። ልጁ አሁን የአዲስ መሬት ፎቶ ልኮልኛል፣ "ጋሼ፣ በሩ ወዴት ይሁን?" ይላል። በስተግራ የጎረቤት ግንብ አለ፣ በስተቀኝ ውሃ። ማታ ላይ ምን እንደሚመስል ግባና እይ፣ ከዚያ ደውልልኝ ብዬ ጽፌለታለሁ።