መልስ፦ ቼስ በድራገን ስጫወት ለምንድን ነው በኤች መስመር የሚገቡብኝ?

ወንድሜ፣ ሀዋሳ ላይ ከጓደኞችህ ጋር በጥቁር ሲሲሊያን ድራገን (ጥቁር ቢሾፑን ጂ7 ላይ የሚያስቀምጥበት የጨዋታ አጀማመር) ስትጫወት ሁሌ በኤች መስመር፣ በሰሌዳው ዳር ባለው የቁም ረድፍ፣ ገብተው ቼክሜት እንደሚያደርጉህ ጽፈሃል። የሚገጥምህ ዩጎዝላቭ አታክ የሚባለው ነው። ነጭ ቢሾፑን (በሰያፍ የሚሄደውን) ኢ3፣ ወታደሩን ኤፍ3፣ ንግሥቱን ዲ2 ላይ ያደርግና በንግሥቷ በኩል ካስል ያደርጋል፤ ማለትም ንጉሡን ወደዚያ ወገን ያሸሻል። ከዚያ የኤች ወታደሩን ያስሮጠዋል። የጂ7 ቢሾፕህን በቢሾፑ ኤች6 ላይ መጥቶ ከለወጠብህ ንጉሥህ ራቁቱን ቀረ በለው።

ታዲያ ቁጭ ብለህ አትጠብቀው። ድራገን ላይ መከላከል ብቻ አያዋጣም። ሩክህን (ግንቡን) ሲ8 ላይ አምጣና ንግሥትህ በኤ5 መግባት ስትችል የሲ3ን ፈረስ በሩክ ብላው። አዎ፣ ውዱን ሩክ ለፈረስ! መጀመሪያ እጅ ያንቀጠቅጣል። ግን ነጭ በቢ ወታደሩ መልሶ ሲበላ የንጉሡ አጥር ይፈርሳል፤ የኢ4 ወታደሩም አንድ ጠባቂ ያጣል።

ነጭ ቢሾፑን ሲ4 ላይ ሳያወጣ በ9ኛው እንቅስቃሴ ካስል ካደረገ ደግሞ ሳትውል ሳታድር ወታደርህን ወደ ዲ5 ግፋ።

አንድ ነገር፦ በ6ኛው የነጭ ቢሾፕ ኢ3 ሲወጣ ፈረስህን ጂ4 ላይ እንዳትልክ። ቢ5 ላይ በቢሾፕ ቼክ ይልሃል። በዲ7 ቢሾፕ ብትጋርድ ንግሥቱ ፈረስህን ትበላለች፤ ቢሾፕህ ከንጉሥህ ፊት መነሳት ስለማይችል መልሰህ አትበላትም። ፍቅር ሐይቅ ዳር በዚህ ወጥመድ ስንቱ ነው የተበላው!

የተሸነፍክበትን አንዱን ጨዋታ ከነእንቅስቃሴው ጻፍልንና እንየው።