የገና መብራት ቆርቆሮውን ሲያስነዝር

ጥያቄው ከአዳማ ነው፤ አጠር አድርጌዋለሁ፦ «ጋሼ፣ ለገና ብዬ፣ ልጆቹም ደስ ይበላቸው ብዬ፣ የበረንዳችንን ቆርቆሮ ጠርዝ ይዤ ባለ ቀለም መብራት ዘረጋሁ። በሦስተኛው ቀን ግማሹ ጠፋ። ትናንት ማታ ደግሞ ልብስ አጥቤ ላሰጣ የማስጫውን ሽቦ ስይዝ ነዘረኝ። ብሬከሩ አልወረደም። ባለቤቴ ጫማ አድርገሽ አስጪ ይለኛል። የጠፋውን ግማሽ እንዴት ላብራው?»

እህቴ፣ ግማሹ ይቆይ። መጀመሪያ ስፒናውን ከሶኬቱ ንቀዪ። ብልጭ ድርግም የምታደርገዋን ትንሽ ሳጥን ተጭኖ ማጥፋት አይበቃም። አምፖሎቹ ጠፍተውም ገመዱ ውስጥ ኮረንቲ ሊኖር ይችላል። ነቅለሽ ስትጨርሺ ንባብሽን ቀጥዪ።

አዳማ ነፋስ ነው። ከከተማው ወጣ ብሎ ያሉትን የነፋስ ማመንጫዎች ለጌጥ አላቆሟቸውም። ያው ነፋስ ነው ሌሊቱን ሙሉ ቀጭኑን ገመድ በቆርቆሮው ጠርዝ ላይ እንደ መጋዝ ሲያመላልስ የሚያድረው። የርካሽ የገና መብራት ልባስ ስስ ነው፣ የተቆረጠ ቆርቆሮ ጠርዝ ደግሞ ቢላ ነው። ልባሱ ሲላጥ መዳቡ ቆርቆሮውን ይነካል፣ ጣሪያው በሙሉ ኮረንቲ ይይዛል። ጣሪያው የተቀመጠው ደረቅ እንጨት ላይ ስለሆነ ኮረንቲው መሄጃ የለውም፤ እዚያው ይጠብቃል። የማስጫው ሽቦሽ ከጣሪያው ጋር የታሰረ ይመስለኛል። እጅሽ እርጥብ፣ እግርሽ መሬት ላይ፦ መሄጃው አንቺ ሆንሽ።

ብሬከሩ ለምን አልወረደም? ብሬከር የሚጠብቀው ገመድን እንጂ ሰውን አይደለም። ባለ 16 አምፔሩ የሚወርደው ከ16 አምፔር በላይ ሲያልፍበት ነው። ሰውን ለመግደል ግን ጥቂት አሥር ሚሊአምፔር ይበቃል፤ 30 ሚሊአምፔር ብንል እንኳ 16 አምፔር ከ500 እጥፍ በላይ ነው። ከመስመሩ ሾልኮ የሚወጣው ኮረንቲ 30 ሚሊአምፔር ሲደርስ የሚወርድ አርሲዲ የሚባል መከላከያ አለ፤ ኤሌክትሪሻን ቤትሽ ሲመጣ እሱን አስገጥሚ። የባለቤትሽ ጫማ ግን መፍትሔ አይደለም፤ ልጆቹ በባዶ እግራቸው ያንኑ ሽቦ ይይዙታል።

ከነቀልሽ በኋላ ቆርቆሮውን በቴስተር አስፈትሺ። ቴስተሩ ራሱ መሥራቱን መጀመሪያ ሶኬት ላይ ማየት ያስፈልጋል፤ ቆርቆሮው ላይ ደግሞ ቀለሙን ወይም ዝገቱን ፍቆ ንጹሕ ብረት ማስነካት። በእጅ ጀርባ ነካ አድርጎ መሞከር የሚባለውን ልማድ ተዪው። ስፒናው ተነቅሎም ቴስተሩ ከበራ ጥፋቱ የገና መብራቱ አይደለም፤ ከፖል የሚገባው ሽቦ ጣሪያውን እየፈተገ ወይም የቤቱ መስመር አንድ ቦታ ተልጦ ይሆናል። ያኔ ማንም ጣሪያ ላይ አይውጣ። ዋናውን ብሬከር አውርጂ፣ ልጆቹን ከቆርቆሮው አርቂ፣ ወደ ኤሌክትሪክ አገልግሎት 905 ደውዪ።

አሁን ወደ ግማሹ። እነዚህ መብራቶች አንዱ አምፖል ከሌላው ጋር እጅ ለእጅ ተያይዞ ነው የሚሠሩት። መቶ አምፖል ያለው ብዙ ጊዜ በሁለት ሰልፍ ይከፈላል፤ ከአንዱ ሰልፍ አንድ ገመድ ከተበጠሰ ያ ሰልፍ በሙሉ ይጠፋል። ስለዚህ ግማሹን ያጠፋውና አንቺን የነዘረሽ አንድ ቁስል ሊሆን ይችላል። እንደተነቀለ መሬት ላይ ዘርግተሽ የጠፋውን ግማሽ ከጫፍ እስከ ጫፍ በጣትሽ ዳስሺው። የተላጠ ካገኘሽ መብራቱን ጣዪው። አውቃለሁ፣ ገንዘብ ነው፤ ግን ፕላስተር ጠቅልሎ መልሶ ቆርቆሮ ላይ መስቀልን እኔ ለማንም አልሠራም።

የተቃጠሉትን አምፖሎች ቆርጦ ጫፍና ጫፉን መቀጠልም አለ፣ ሰፈር ውስጥ የሚወደድ ዘዴ ነው። በድሮው ዓይነት 20 አምፖል 220 ቮልቱን ሲካፈሉ ለያንዳንዱ 11 ይደርሰዋል። አምስቱን ብትቆርጪ ቀሪዎቹ 15ቱ እያንዳንዳቸው ወደ 15 ቮልት ይጠጣሉ። ለሁለት ሌሊት ደምቀው ያምራሉ፣ ከዚያ ተራ በተራ ይሰናበታሉ።

አዲስ ስትገዢ ካርቶኑ ላይ አይፒ 44 የሚል ፈልጊ፣ የውሃ ርጭት ይችላል ማለት ነው፤ አይፒ 20 ከሆነ ሳሎን ውስጥ ብቻ ነው። ከሁሉ የምመርጥልሽ ግን በፀሐይ የሚሠራውን ነው። ቮልቱ ትንሽ ስለሆነ ቢላጥም አይነዝርም፣ መብራት ሲጠፋም አይጠፋም። በታኅሣሥ ፀሐይ ወደ ደቡብ ዘንበል ስለምትል ትንሿን ፓነል ወደዚያ አዙሪያት፣ የአዳማን አቧራም በየሁለት ቀኑ ጥረጊላት።

አሰቃቀሉ ላይ እኔም ተምሬበታለሁ። ሥራ ስጀምር የአንድ ደንበኛ በረንዳ ላይ መብራቱን በቀጭን የብረት ሽቦ ጠፍሬ አስሬው ነበር፤ በነፋሱ ሽቦው ራሱ ገመዱን በላው። አሁን በበረንዳው እንጨቶች መካከል፣ ከቆርቆሮው አንድ ስንዝር ዝቅ አድርጌ፣ ሲባጎ ወጥሬ መብራቱን ሲባጎው ላይ ነው የማንጠለጥለው። በየክንዱ በፕላስቲክ ማሰሪያ ይያዝ፣ ግን አይወጠር። ብዙ ቤት ከታኅሣሥ 29 በኋላም እስከ ጥምቀት ስለማያወርደው ሳምንታት ነፋስ መቻል አለበት። ገመዱ በላሜራ በር ሥር እንዳያልፍ፤ በሩ ሲዘጋ ይቆነጥጠዋል፣ ያኔ ደግሞ የሚነዝረው በሩ ይሆናል።

ሳሎን ያለውን ዛፍ አልጠየቅሽኝም። በረዶ እንዲመስል ጥጥ ከበተንሽበት ግን (አዳማ ላይ በረዶ ማን አየ?) የድሮዎቹ አምፖሎች ስለሚግሉ አታገናኚያቸው፤ የቡናውንም ከሰል ወዲያ ማዶ አድርጊው።

ልብሱን እስኪጣራ ቤት ውስጥ አስጪ። የቆርቆሮ አጥር ካለሽና ከቤቱ ቆርቆሮ ጋር ከተያያዘ እሱም ያው ነው። ሁሉም ሲያልቅ የማስጫውን ሽቦ ከጣሪያው ፍቺና በናይሎን ገመድ ለውጪው።