የሕግ ምክር፦ ሃያ ሺህ ብሩን ስትቀበል ምን ፈረምክ?

ጥያቄ፦ «የደሴ ነዋሪ ነኝ፤ ዕድሜዬ 26 ነው። ሥራዬ ኮምቦልቻ ስለሆነ በሞተር እመላለሳለሁ። ከ1 ዓመት ከ4 ወር በፊት፣ ክረምት ላይ፣ ከምሽቱ 2 ሰዓት አካባቢ ኮምቦልቻ ከተማ ውስጥ ለውሃ ቧንቧ ተቆፍሮ በጠጠር በተደፈነ መንገድ ላይ ሞተሬ ተንሸራቶ ወደቅሁ። ምልክትም መብራትም አልነበረውም። ቁርጭምጭሚቴ ተሰብሮ ብረት ገባልኝ። የቆፈረው ተቋራጭ ሽማግሌ ይዞ ቤቴ ድረስ መጣና ለመድኃኒት ብሎ 20,000 ብር ሰጠኝ፤ ‹ብረቱ ሲወጣ ቀሪውን እንጨርሳለን› አለኝ። አሁን ስልክ አያነሳም። የምከሰው እሱን ነው ወይስ ያስቆፈረውን መሥሪያ ቤት?»

መልስ፦ ፈጣሪ ይማርህ። ዕድሜህን ስለነገርከኝ «አንተ» ልበልህ።

ለጠየቅከው አጭሩ መልስ ሁለቱንም ነው። በፍትሐ ብሔር ሕጋችን ቁጥር 2028 መሠረት በጥፋቱ ሌላውን የጎዳ ሰው ይክሳል። ቁጥር 2031 ደግሞ አንድ ሙያ የሚሠራ ሰው የሙያውን ደንብ እንዲጠብቅ ያስገድዳል፤ አስፋልት ቆርጦ በደንብ ሳይጠቀጥቅ፣ ምልክት ሳያቆም፣ የላላ ጠጠር አፍስሶ መሄድ ይህን ደንብ መጣስ ነው። መኪና በላዩ ላይ ሲያልፍ ትንሽ ነጠር ብሎ ይሄዳል፤ በሁለት ጎማ ለሚሄድ ግን ጠጠሩ ከሥሩ እንደ ባቄላ ይንከባለላል፣ ያውም በዝናብና በጨለማ። መሥሪያ ቤቱ «ተቋራጩ ራሱን ችሎ የሚሠራ ነው፤ ጥፋቱ የሱ ነው» ብሎ ቁጥር 2134ን እንደሚጠቅስ ከአሁኑ እወቅ። የአንተ መልስ መሥሪያ ቤቱ ራሱ ሥራውን አልተቆጣጠረም የሚል ይሆናል፤ ለዚህም ቁጥር 2126 አለ። መንገዱ የማን እንደሆነ መጀመሪያ ይጣራ። ከአዲስ አበባ በደሴ አድርጎ ወደ መቀሌ የሚያልፈው ዋናው አስፋልት የፌዴራል መንገድ ነው፤ የውስጥ ለውስጡ ግን የከተማው ነው። ተከሳሹ ሲለያይ ሥልጣን ያለው ፍርድ ቤትም ሊለያይ ስለሚችል ይህን በግምት አትወስን፤ ጠበቃ ያጣራልህ።

አሁን ወዳልጻፍከው ልሂድ።

ሽማግሌ መጣ፣ ብር ተሰጠኝ አልክ። ፈረምኩ አላልክም። ወንድሜ፣ 20,000 ብር ያለ ወረቀት የሚሰጥ ተቋራጭ እስካሁን አላጋጠመኝም። በወሎ ሽማግሌ ደጅህ ድረስ ሲመጣ እንቢ ማለት እንደሚከብድ አውቃለሁ፤ ቡናው ይፈላል፣ ምርቃቱ ይወርዳል፣ ብሩ ይቆጠራል። በመጨረሻ «ለመድኃኒት መሆኑን ብቻ ነው» እየተባለ አንዲት ወረቀት ትወጣለች። በሽተኛው ገና ከማስታገሻው አልነቃም፤ ማን ያነብባታል? ታችኛው መስመር ላይ ግን አብዛኛውን ጊዜ «ከእንግዲህ በዚህ አደጋ ምክንያት ምንም ዓይነት የካሳ ጥያቄ አላነሳም» የሚል ቃል አለ። ደንበኞች ደጋግመው የሚወድቁበት ጉድጓድ ይህ ነው።

ለምን ያስፈራል? በሕጋችን ሁለት ሰዎች ሰጥተው ተቀብለው ክርክራቸውን በእርቅ ሲጨርሱ፣ ቁጥር 3312 ስምምነቱን በመካከላቸው ይግባኝ እንደሌለው የመጨረሻ ፍርድ ይቆጥረዋል። «መብቴ ይህን ያህል መሆኑን አላወቅኩም ነበር» ማለት ብቻውን አያፈርሰውም። ተቋራጩ ፍርድ ቤት ቀርቦ ያችን ወረቀት ካወጣ፣ ስለ ጠጠሩ ከመነጋገራችን በፊት ስለ ፊርማህ እንከራከራለን። መሥሪያ ቤቱም «ከሳሹ ተክሶ ጨርሷል» ብሎ ከጎኑ ይቆማል። ተታልለህ ወይም ተገድደህ የፈረምክ ከሆነ ውሉ እንዲፈርስ መጠየቅ ይቻላል፤ ነገር ግን ያም በቁጥር 1810 የ2 ዓመት ገደብ አለው፣ ማስረዳቱም ያንተ ነው።

ወረቀቱ ግን ስለት ያለው በአንድ በኩል ብቻ አይደለም። ተቋራጩ ፈርሞ ወይም ማኅተም አሳርፎ «በቆፈርኩት መንገድ ላይ ለደረሰው ጉዳት» ብሎ ከከፈለ፣ መንገዱን የቆፈረው እሱ መሆኑን ራሱ አምኖልሃል። «ብረቱ ሲወጣ ቀሪውን እንጨርሳለን» የሚለው ቃል በጽሑፍ ካለ ደግሞ ነገሩ አልተዘጋም ማለት ነው። ስለዚህ ቃል በቃል መነበብ አለበት፦ ብሩ ለምን ተከፈለ፣ በማን ስም፣ ወደፊት ስለሚመጣው ጉዳትስ ምን ይላል። ቅጂ ካልሰጡህ ከሽማግሌዎቹ አንዱ ዘንድ ሂድ። በስልክ አትጠይቅ፤ ሂድ፣ ፎቶ አንሳው። ተቋራጩ ዘንድ ግን አትሂድ። እስከዚያው ሌላ ምንም ነገር እንዳትፈርም፤ ለ500 ብርም ቢሆን። ሽማግሌዎቹን አልነቅፍም፤ ብዙዎቹ ደም ያስቀሩ ሰዎች ናቸው። ግን ቁርጭምጭሚትህ ነገ ስንት እንደሚያስወጣ እነሱም አያውቁም፤ አንተም አታውቅም ነበር።

ሌላው ያለፍከው ነገር ጊዜው ነው። «ብረቱ እስኪወጣ» ብለህ 1 ዓመት ከ4 ወር ጠብቀሃል። በቁጥር 2143 መሠረት የካሳ ክስ የሚቀርበው ጉዳቱ ከደረሰ በ2 ዓመት ውስጥ ነው፤ ስለዚህ የቀረህ 8 ወር ገደማ ነው። ደብዳቤ መጻፍ፣ ቢሮ መመላለስ፣ ሽማግሌ መላክ ይርጋውን (ይህን የክስ ጊዜ ገደብ) ያቆመዋል ብለህ አትተማመን። ብረቱ እስኪወጣ መጠበቅም ግዴታ አልነበረም፤ ቁጥር 2092 መድረሱ እርግጠኛ የሆነ የወደፊት ጉዳት ዛሬውኑ እንዲካስ ይፈቅዳል። ያንን ለማስረዳት ከሐኪም የሁለተኛውን ቀዶ ሕክምና አስፈላጊነትና ወጪ የሚገልጽ ደብዳቤ አጽፍ። ቋሚ ጉዳት ካለህ በመቶኛ የሚገመተው በሐኪሞች ቦርድ ነው፤ ወረፋው ረጅም ሊሆን ስለሚችል ነገውኑ ጀምር።

ስለ መንጃ ፈቃድህ አንድ ቃል አልጻፍክም። ስለ ሔልሜትህም፣ ስለ ፍጥነትህም፣ የሞተሩ መብራት ይሠራ እንደሆነም። እዚህ ለሁሉ በሚታይ ቦታ አትመልስልኝ፤ ለጠበቃህ ግን አንዱንም አትደብቅ። መንጃ ፈቃድ አለመኖር በራሱ መብትህን አያጠፋውም፤ ነገር ግን ጉዳቱ በከፊል በራስህ ጥፋት የደረሰ ከሆነ በቁጥር 2097 እና 2098 መሠረት ካሳው ይቀነሳል። ጥፋቱ ከጉዳቱ ጋር መገናኘት አለበት፤ ሔልሜት አላደረገም ተብሎ የቁርጭምጭሚት ካሳ መቀነሱ ለክርክር ክፍት ነው። ጠበቃህ ይህን ከተከሳሹ አፍ በችሎት የሚሰማ ከሆነ ግን ጉዳይህ በዚያው ይዳከማል። ሞተሩ በማን ስም እንደተመዘገበም ንገረው። ሦስተኛ ወገን ኢንሹራንስህ አንተን ራስህን ይክሳል ብለህም አትጠብቅ።

ማስረዳት ያለብህ አንተ ነህ፤ ቁጥር 2141። ጉድጓዱ እስካሁን ተደፍኖ ይሆናል። ያኔ ያነሡህ ሰዎች፣ በአካባቢው ያሉ ባለሱቆች፣ በማንም ስልክ ውስጥ የቀረ ፎቶ፣ በዚያ ሰሞን ሌላ ሞተረኛ ወይም ባጃጅ እዚያው ወድቆ ከሆነ እሱም ጭምር ይፈለጉ። ትራፊክ ፖሊስ ተጠርቶ ከነበረ ሪፖርቱንና የቦታውን ፕላን አስወጣ፤ ካልተጠራ የሆስፒታል ካርድህ ላይ የተጻፈው የአደጋ ምክንያትና ሰዓት ትልቅ ዋጋ አለው። የመሥሪያ ቤቱንና የተቋራጩን ውል በፍርድ ቤት ትዕዛዝ ማስቀረብ ይቻላል።

ስለ ገንዘቡ ግምትህን አስተካክል። የሕሊና ጉዳት ካሳ በቁጥር 2116 ከ1,000 ብር አይበልጥም፤ ሕጉ የወጣው በ1952 ዓ.ም. ስለሆነ ነው እንጂ የዛሬ ሕመም በዚያ ዋጋ አይለካም። ዋናው ካሳ የሚገኘው ከሕክምና ወጪ፣ ከቀረ ገቢና ወደፊት ከሚቀር ገቢ ነው። ደረሰኝ፣ የደመወዝ ማስረጃ፣ ከሥራ የቀረህበትን ቀን የሚያሳይ ደብዳቤ ሰብስብ። የዳኝነት ገንዘብ መክፈል ካልቻልክ በድሃ ደንብ፣ ማለትም ሳትከፍል፣ ለመክሰስ መጠየቅ ትችላለህ፤ ደሴ ስላለህም የወሎ ዩኒቨርሲቲ የሕግ ትምህርት ቤት ነፃ የሕግ ድጋፍ ሊሰጥህ ይችል እንደሆነ ጠይቅ።

ይህ በደብዳቤህ ላይ ብቻ የተመሠረተ አስተያየት ነው፤ ወረቀቱን ሳላይ «ትረታለህ» አልልህም። ወደ ጠበቃ ስትሄድ መጀመሪያ ከማኅደርህ የምታወጣው ያን የሽምግልና ወረቀት ይሁን። ሞተርህ እስካሁን ካልተጠገነም ፎቶ ሳታነሣው ጋራዥ አታስገባው።