«ልጄ እንደ ወንድ ትራመዳለች»

ጥያቄ፦ የ15 ዓመት ሴት ልጅ አለችኝ። ኳስ መጫወት ከጀመረች 4 ዓመቷ ነው፤ ከቱታና ከስኒከር ሌላ አትለብስም። ስትራመድ ትከሻዋን ታወዛውዛለች፣ ስትቀመጥ እግሯን ትከፍታለች። አባቷ «ወንዳወንድ ሆነሻል» እያለ ማዕድ ላይ ይቆጣታል፤ እሷም ሳትበላ ትነሳለች። በሚቀጥለው ወር የወንድሜ ሠርግ ስለሆነ ቀሚስ መልበሷ የግድ ነው። እንዴት ላርማት?

መልስ፦ ማረሙን ለጊዜው ይተዉት። የገለጹልኝ አረማመድ በአብዛኛው ልብስና ልምምድ ያመጡት ነው። ቱታ እርምጃን አይገድብም፤ ኪሱ ውስጥ እጅ ሲገባ ደግሞ ክርን ወደ ውጭ ይወጣል። ጠባብ ቀሚስ ጉልበት ላይ ይይዛልና እርምጃ ያሳጥራል። ነጠላ እንዳይንሸራተት አንድ እጅ ደረት አካባቢ ስለሚቆይ ክንድ እንደ ልቡ አይወዛወዝም። ረጅም ተረከዝ ክብደትን ወደ ጣቶች ይገፋል፤ ሰውነት ሚዛኑን ለመጠበቅ ሲል የወገብና የጉልበት አያያዙን ይለውጣል። እርግጥ የትከሻና የዳሌ ስፋት ልዩነትም አረማመድ ላይ ይታያል፤ «የሴት አካሄድ» ከምንለው ብዙው ግን እንዲህ የተለመደ ነው። ፈረንሳዊው የማኅበረሰብ ጥናት ሊቅ ማርሴል ሞስ እ.ኤ.አ. በ1934 ባደረገው ንግግር፣ የፓሪስ ልጃገረዶች ከሲኒማ አይተው እንደ አሜሪካውያን መራመድ መጀመራቸውን እንደ ምሳሌ ጠቅሶ ነበር። በአውሮፓ ባለተረከዝ ጫማ በ17ኛው ክፍለ ዘመን የወንድ መኳንንት ጌጥ ነበር፤ ንጉሥ ሉዊ 14ኛም ይጫማው ነበር። (ይህን ለባለቤትዎ ቢነግሯቸው አይከፋም።)

የማዕዱ ቁጣ ግን ጉዳት አለው። ሳናስብ የምናደርገውን እንቅስቃሴ ሰው እያየ ሲተቸው ማሰብ እንጀምራለን፤ ያን ጊዜ እግር ይተሳሰራል። ሠርጉ ላይም «ቀስ በይ፣ እግርሽን ሰብስቢ» የሚል ሹክሹክታ ከተከተላት እንደ እንጨት ትደርቃለች። ከዚህም አልፎ፣ አሜሪካ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1998 በታተመ ጥናት ለብቻቸው ክፍል ውስጥ የዋና ልብስ ለብሰው የሒሳብ ፈተና የሠሩ ሴቶች ሹራብ ከለበሱት ያነሰ ውጤት አምጥተዋል፤ ወንዶቹ ላይ ግን ይህ አልታየም። ሰውነቷን ዘወትር እንድትከታተል የተደረገች ልጅ ለሌላው የሚተርፋት ሐሳብ ያንሳል።

ቀሚስ መልበስን እንደ አንድ ሙያ ያስተምሯት። ጨርቁንና ቅዱን ራሷ ትምረጥ፤ ሰፊው ለጊዜው ከጠባቡ ይሻላታል። ከውስጥ አጭር ታይት ብትለብስ ግማሹ ጭንቀት ይቀላል። ጫማው ከ3 እስከ 4 ሳንቲሜትር የሆነ ወፍራም ተረከዝ ይኑረው። ከሠርጉ 2 ሳምንት ቀደም ብላ በቀን 10 ደቂቃ ቤት ውስጥ ትጀምርና እስከ 30 ደቂቃ ታድርሰው፤ መጀመሪያ ለስላሳ ወለል ላይ፣ ከዚያ ደረጃ፣ በመጨረሻ ኮብልስቶን። ግጥሚያ ባለበት ቀን ይቅር፤ ባቷ ወይም ቁርጭምጭሚቷ ካመማትም በጠፍጣፋ ጫማ ትሂድ። ጀማሪዎች ዘወትር የሚሳሳቱት እግራቸውን እያዩ በመራመድ ነው፤ አንገት ይደፋል፣ ጀርባ ይጎብጣል። ዓይኗ ከፊቷ 4 ወይም 5 ሜትር ያህል ራቅ ብሎ ይረፍ፣ እርምጃዋም ትንሽ ይጠር።

አቀማመጡ ላይ ትንሽ ጊዜ ይስጡት። ወንበሩ የባቷን ጀርባ እስኪነካት ወደ ኋላ ትጠጋለች፤ ቀሚሱን በአንድ እጅ ከኋላ ሰብስባ ትቀመጣለች፤ ከዚያ ጉልበቶቿን ገጥማ በትንሹ ወደ ጎን ታዞራለች። ዱካ ላይ ይህ ይከብዳል፤ ጉልበት ከወገብ በላይ ስለሚሆን ቀሚሱ ወደ ኋላ ይንሸራተታል፣ ስለዚህ ነጠላውን ጉልበቷ ላይ ጣል ታድርግ። ነጠላው ትከሻዋ ላይ በመርፌ ቁልፍ ከተያዘ እጇ ነጻ ይሆናል። እርስዎም ቀሚስዎን ለብሰው አብረዋት ቢለማመዱ ጨዋታ ይሆናል እንጂ ቅጣት አይመስላትም።

ባለቤትዎን ልጅቷ በሌለችበት ያነጋግሯቸው። ቀሚስ ለብሳ እግሯን እንድትሰበስብ ቢጠይቁ ያስኬዳል፤ ቱታ ለብሳ እግሯን ብትከፍት ግን የሚገለጥ ነገር የለም። ስለ አካሄዷ ማዕድ ላይ ላለመናገር ቢስማሙ ይበቃኛል፤ አመለካከታቸውን በአንድ ወር ለመለወጥ አይሞክሩ።

እኔን የሚያሳስበኝ ሌላ ዓይነት ለውጥ ነው፦ በሙቀት ሰፋፊና ረጅም እጅጌ ልብስ ድንገት ማዘውተር፣ ደረትን ለመሸሸግ መጎበጥ፣ ከሚወዱት ጨዋታ መቅረት። በደብዳቤዎ ይህ የለም። ካዩ ግን ስለ አረማመዷ ምንም ሳያነሱ፣ የሚተነኩሳት ወይም የነካት ሰው እንዳለ ለብቻችሁ ሆናችሁ ይጠይቋት።