«ለሕዝብ ቀረበ» ወይስ «በገበያው ተመዘገበ»?

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ እንደምን ሰነበቱ? የምጽፍልዎት ከኮዬ ፈጬ ነው። አባዬ የባንክ አክሲዮን ከገዛ 20 ዓመት ሊሞላው ነው። በቀደም ባንኩ «አክሲዮኑን ለመጀመሪያ ጊዜ ለገበያ አቀረበ» ሲባል በሬዲዮ ሰማ። «ታዲያ እኔ የገዛሁት ምን ነበር?» ብሎ ወረቀቱን ከሳጥን አወጣ። የተሳሳተው ማን ነው? ልጃቸው ነኝ።

መልስ፦ አባትሽ ልክ ናቸው። ጣጣው «አቀረበ» የሚለው ግስ ላይ ነው። ሁለት ነገር አሸክመነዋል።

ኩባንያ አክሲዮን አውጥቶ «ኑ፣ ግዙ» ሲል «ለሕዝብ ሸጠ» ወይም «ለሕዝብ አቀረበ» እንላለን። ብሩ የሚገባው ኩባንያው ካዝና ነው። ባንኮቻችን ይህን ሲያደርጉ የኖሩት የአክሲዮን ገበያ በሌለበት ነው። አባትሽም የገዙት ያኔ ነው።

ሌላው «በገበያው መመዝገብ» ነው። ቀድሞ የተሸጠው አክሲዮን ከዚያ ወዲያ ከባለድርሻ ወደ ባለድርሻ በይፋ ዋጋ ይዘዋወራል። ብሩም ለሻጩ ነው። ወጋገን ባንክን ውሰጂ። በ1989 የተቋቋመ፣ ባለአክሲዮኖቹም የቆዩ ናቸው። አክሲዮንና የመሳሰሉት የሚሸጡ የሚለወጡበት የኢትዮጵያ ሰነደ ሙዓለ ንዋዮች ገበያ በጥር 2017 ሲከፈት የመጀመሪያው ተመዝጋቢ እሱ ሆነ። «ተመዘገበ» እንጂ «ለመጀመሪያ ጊዜ ተሸጠ» አይባልም።

ኢትዮ ቴሌኮም ግን ሌላ ነው። በጥቅምት 2017 የኩባንያው 10 በመቶ ድርሻ፣ አንዱ አክሲዮን በ300 ብር፣ ለሽያጭ ወጣ። ገበያው ገና አልተከፈተም ነበር። እዚህ ላይ «ለመጀመሪያ ጊዜ ለሕዝብ ቀረበ» ማለት ልክ ነው። በውጭ አገር ሁለቱ ብዙ ጊዜ አብረው ስለሚመጡ፣ ዜናው ወደ አማርኛ ሲመለስ ይደበላለቃል።

«በገበያው ተመዘገበ» ለማለት «ተዘረዘረ» የሚሉም አሉ። ይህን አልወደውም። ባለሱቁን ባለ 200 ብር ሰጥተሽ «ዘርዝርልኝ» ስትይው የሚገባው ሌላ ነው። «ባንኩ ተሸጠ» ማለትም ያስደነግጣል፤ የተሸጠው አክሲዮኑ ነው። «ሼር» ወይስ «አክሲዮን» ለሚለው ግን አልጣላም። አንዱ ከእንግሊዝኛ፣ አንዱ ከፈረንሳይኛ የመጣ ነው፤ ሁለቱም ያግባባሉ። ለጽሑፍ ሕጉ የሚጠቀምበትን «አክሲዮን» እመርጣለሁ።

«ተመዘገበ»ን የምወደው ለሌላም ነገር ነው። አክሲዮኑ ገበያው ላይ ሲገባ የእያንዳንዱ ሰው ድርሻ በኤሌክትሮኒክ መዝገብ ይሰፍራል። አባትሽ ወረቀቱን ይዘው ባንኩ ይሂዱና ስማቸው እንደ መታወቂያቸው መጻፉን ይዩ።