«አንሎክ ነው» ተብሎ የመጣው ኤስ9 ሮም ለምን እምቢ አለ?

ለማያውቅ አስቀድሜ ልንገር። ሮም ስልኩን የሚያሠራው ዋናው ሶፍትዌር ነው። ላይኔጅ ኦኤስ ከኩባንያው ውጭ የሚሠራ ሮም ነው። ኦዲን ከኮምፒውተር ወደ ሳምሰንግ ስልክ ሶፍትዌር መጫኛ ፕሮግራም ነው። ሪከቨሪ ደግሞ ስልኩ ላይ ሆኖ ሮም የሚጭን ትንሽ ፕሮግራም ነው። አሁን አዳማ የሚኖር አንባቢ እንዲህ ሲል ጽፎልኛል፦

«ጋሼ፣ ወንድሜ ከአሜሪካ ጋላክሲ ኤስ9 ላከልኝ። አንሎክ ነው ብሎኝ ነበር። እውነትም የኢትዮ ቴሌኮም ሲም ሳስገባ ወዲያው ሠራ። ግን አንድሮይድ 10 ላይ ቆሟል። ጓደኛዬም ያው ኤስ9 አለው፣ ከዱባይ የመጣ። ላይኔጅ ኦኤስ ጭኖበት አዲስ ስልክ መስሏል። እኔም በኦዲን ሪከቨሪ ልጭን ስል ኮምፒውተሩ ላይ በቀይ ‹ፌይል› አለኝ። ስልኩ ላይ ደግሞ ከኩባንያው የወጣ ሶፍትዌር ብቻ ነው የሚጫነው የሚል ጽሑፍ መጣ። አሁን ሰማያዊው ስክሪን ላይ ደርቆ ቀርቷል። አይጠፋም፣ አይነሳም። አበላሸሁት ወይ? የጓደኛዬ እሺ ብሎ የእኔ ለምን እምቢ አለ?»

ወንድሜ፣ መጀመሪያ ተረጋጋ። ስልክህ የተበላሸ አይመስለኝም። ኬብሉን ንቀል። ድምፅ መቀነሻውንና ማብሪያውን አንድ ላይ ተጫን። ጣትህን ሳታነሳ እስከ 10 ሰከንድ ጠብቅ። ስክሪኑ ጥቁር ሆኖ የሳምሰንግ ጽሑፍ ሲመጣ ልቀቀው። አብዛኛውን ጊዜ ምንም እንዳልተፈጠረ ሆኖ ይነሳል። ምክንያቱም ስልኩ ፋይልህን ገና በር ላይ ነው የመለሰው። ወደ ውስጥ የጻፈው ነገር የለም።

ከዚያ ይልቅ ሶፍትዌሩ ሲታደስ ስህተት ተፈጥሯል፣ ኮምፒውተር ላይ ስማርት ስዊችን (የሳምሰንግ የራሱ የኮምፒውተር ፕሮግራም ነው) ተጠቀም የሚል ስክሪን ከመጣ ጉዳዩ ሌላ ነው። መጫኑ መሃል ላይ ተቋርጧል ማለት ነው። እሱም ይድናል፣ ወደ በኋላ እመለስበታለሁ።

አሁን ወደ ዋናው ጥያቄህ። ችግሩ ያለው «አንሎክ» የሚለው ቃል ላይ ነው። በአንድ ቃል ሦስት የተለያዩ ቁልፎችን እንጠራበታለን። ሱቄ ውስጥ በየሳምንቱ ሰው የሚጣላው በዚህ ነው። ሻጩ ስለ አንዱ ቁልፍ ይናገራል፣ ገዢው ሌላውን ይሰማል።

የመጀመሪያው የሲም ቁልፍ ነው። የአሜሪካ ኦፕሬተሮች ስልክ በየወሩ በሚከፈል ክፍያ ሲሸጡ የሌላ ድርጅት ሲም እንዳይቀበል ይቆልፉታል። ወንድምህ አንሎክ ነው ያለህ ይሄንን ነው። አልዋሸህም። ሲምህ መሥራቱ ራሱ ማስረጃ ነው።

ሁለተኛው የጉግል አካውንት ቁልፍ ነው። ስልኩ ላይ አካውንት እያለ በሪከቨሪ ወይም በኦዲን ከጠረግከው (ውስጡ ያለውን ሁሉ ካጠፋህ)፣ ሲነሳ የድሮውን አካውንት ፓስዎርድ ይጠይቅሃል። ይሄ የተሠራው ለሌባ ነው። ግን ከውጭ በተላከ ስልክ ብዙ ጊዜ የሚያዘው ንጹሑ ባለቤት ነው። ስልክህ ሲነሳ አካውንት የሚለው ውስጥ ገብተህ የወንድምህ ኢሜይል ካለ አውጣው። ስልኩ አልነሳ ካለህ ደግሞ ምንም ነገር ከመጫንህ በፊት ደውለህ ኢሜይሉንና ፓስዎርዱን ተቀበል። ከተጫነ በኋላ እሱ እዚያ ሌሊት ሆኖበት ተኝቶ፣ አንተ እዚህ ቁጭ ብለህ የምትጠብቅበት ቀን አይጣል ነው።

ሦስተኛው የቡትሎደር ቁልፍ ነው። አንተን የመለሰህ እሱ ነው። ቡትሎደር ስልኩ ሲበራ መጀመሪያ የሚነሳ ትንሽ ፕሮግራም ነው። እንደ ግቢ ዘበኛ አስበው። የሚገባውን ሶፍትዌር ሁሉ የሳምሰንግ ዲጂታል ፊርማ አለው ወይ ብሎ ይመረምራል። ከሌለው ያባርራል። አንዳንዱ ስልክ ላይ ባለቤቱ ዘበኛውን «አሳልፈው» ማለት ይችላል። የአሜሪካው ኤስ9 ላይ ግን ይህን የማለት ሥልጣን ለባለቤቱ አልተሰጠውም።

አየህ፣ ኤስ9 አንድ ስልክ አይደለም። በ2018 ሲወጣ ሳምሰንግ በውጭ መልክ አንድ፣ በሆዱ የተለያየ አድርጎ ነው የሸጠው። ለአውሮፓ፣ ለመካከለኛው ምሥራቅና ለአፍሪካ የሄደው ጂ960ኤፍ ይባላል። ቺፑ የሳምሰንግ የራሱ ኤክሲኖስ 9810 ነው። ቡትሎደሩ ይከፈታል። የጓደኛህ የዱባይ ስልክ ይሄ ነው። ለአሜሪካ የሄደው ጂ960ዩ ነው፣ ቺፑ የኳልኮም ስናፕድራገን 845። ቡትሎደሩ ዝግ ነው። ጂ960ዩ1 የሚባልም አለ። እሱ ከኦፕሬተር ነፃ ሆኖ የተሸጠ ነው። ብዙ ሰው «ይሄማ ፋክተሪ አንሎክ ነው» ብሎ ይሸወዳል። ሲሙ ነው ነፃ፣ ቡትሎደሩ ያው ዝግ ነው። የካናዳው ጂ960ደብልዩም እንደዚያው። የቻይናና የሆንግ ኮንጉ ጂ9600 ደግሞ ቺፑ እንደ አሜሪካው ስናፕድራገን ሆኖ ይከፈታል። ስለዚህ «ስናፕድራገን ከሆነ አይሆንም» የሚለውም ወሬ ልክ አይደለም። የሚታየው ቺፑ ሳይሆን ኮዱ ነው።

ኮዱን ከካርቶኑ ላይ አትውሰድ። የኋላ መስታወቱንም አትመን። ታድሶ የተሸጠ ስልክ ላይ ሁለቱም ተቀይረው ሊሆን ይችላል። ሴቲንግ ውስጥ አባውት ፎን የሚለው ላይ ያለውን እይ። ከዚያ እዚያው ሶፍትዌር ኢንፎርሜሽን ውስጥ ቢልድ ነምበር የሚለውን ሰባት ጊዜ ነካ ነካ አድርግ። ዴቨሎፐር ኦፕሽን ይከፈታል። እዚያ ውስጥ «ኦኢኤም አንሎክ» የሚል ማብሪያ ካለ ቡትሎደርህ ሊከፈት ይችላል። የአሜሪካው ላይ ግን መስመሩ ራሱ የለም። ኢንተርኔት ላይ «ቀኑን ወደ ኋላ መልስ፣ ሰባት ቀን ጠብቅ፣ ይመጣል» የሚሉ ቪዲዮዎች አሉ። እነሱ ለኤክሲኖሱ ነው የተሠሩት። አንተ ብትጠብቅ ጊዜህን ነው የምታባክነው።

በክፍያ ከርቀት እንከፍትልሃለን የሚሉም ያጋጥሙሃል። እኔ አልመክርህም። ኮምፒውተርህን ለማታውቀው ሰው ትከፍታለህ፣ ገንዘቡንም በቅድሚያ ትከፍላለህ።

እንግዲህ ስልኩ በቁልፎቹ አልነሳ ካለ ወደ መጀመሪያ ሶፍትዌሩ እንመልሰዋለን። ለዚህ ቡትሎደሩ አይከለክልህም፣ ምክንያቱም ፋይሉ የሳምሰንግ ፊርማ አለው። ለራስህ ኮድ የተሠራውን ሙሉ ሶፍትዌር አውርድ። ብዙ ጊጋባይት ነው፣ ጥሩ ዋይፋይ ያለበት ቦታ ሂድ። ከማውረድህ በፊት አንድ ነገር ልብ በል። የሶፍትዌሩ ስም ረጅም የፊደልና የቁጥር ድርድር ነው። ከመጨረሻው ወደ ኋላ አምስተኛውን ቆጥረህ እይ። እሱ የቡትሎደሩ ደረጃ ነው። ስልኩ ላይ ካለው ጋር እኩል ወይም ከዚያ በላይ መሆን አለበት። ካነሰ ስልኩ አይቀበለውም። «የድሮው ይሻላል» ብለው ወደ ኋላ ሊመልሱ ሞክረው ስልካቸው ደርቆ ወደ እኔ የሚያመጡ ብዙ ናቸው። ከዘጠኝ በኋላ ፊደል ይቀጥላል፣ ኤ ከዘጠኝ ይበልጣል ማለት ነው።

ፋይሉ ሲፈታ ቢኤል፣ ኤፒ፣ ሲፒ እና ሁለት ዓይነት ሲኤስሲ የሚባሉ ፋይሎች ይሰጥሃል። ኦዲን ላይ እያንዳንዱን በስሙ ቦታ አስገባ። ሲኤስሲ ላይ ግን ቆም በል። ተራውን ሲኤስሲ ካስገባህ ስልኩ ይጠረጋል። «ሆም» የሚል ከፊቱ ያለበትን ካስገባህ ፎቶህና ቁጥሮችህ አይጠፉም። እኔ ሁልጊዜ በሆሙ ነው የምጀምረው። እሱ እንቢ ካለ ብቻ ወደ ሌላው እሄዳለሁ።

ኮምፒውተሩ ላፕቶፕ ይሁን፣ ባትሪውም ሙሉ ይሁን። ይህን ደግሜ ደጋግሜ የምናገረው ስለደረሰብኝ ነው። ሥራ በጀመርኩበት ጊዜ የአንዲት ደንበኛዬን ስልክ በዴስክቶፕ እየጫንኩ መብራት ሄደ። ሶፍትዌሩ ግማሽ ላይ ቀረ። ስልኩን በኋላ አነሳሁት። ውስጡ የነበረው የልጃቸው ሠርግ ፎቶ ግን አልተመለሰም። እስካሁን ሳስታውሰው ያመኛል። ከዚያ ቀን ጀምሮ ፎቶውን ሳላስቀምጥ የማንንም ስልክ ኬብል ላይ አልሰካም። ኬብሉም ዳታ የሚያስተላልፍ ጥሩ ኬብል ይሁን። ኦዲን ሲሠራ ስማርት ስዊች ተዘግቶ ይቆይ፣ ይጣላሉ።

ይህን ጽሑፍ ጂ960ኤፍ የያዘ ሰውም ያነበዋልና ለእሱም ጥቂት ልበል። ላይኔጅ ኦኤስ ላይ የስልክህ ስም «ስታርኤልቲኢ» ነው። የኤስ9 ፕላሱ «ስታር2ኤልቲኢ» ነው። ይቺ 2 ቁጥር ትንሽ ትመስላለች። የአንዱን ፋይል በሌላው ላይ አትጫን። ቡትሎደሩን ስትከፍት ስልኩ ሙሉ በሙሉ ይጠረጋል። ኮከብ፣ መሰላል፣ 06፣ መሰላል ደውለህ አይኤምኢአይ የሚባለውን የስልክህን መለያ ቁጥር ወረቀት ላይ ጻፍ። ሪከቨሪው ከገባ በኋላ ደግሞ ኢኤፍኤስ የሚባለውን ክፍል ባክአፕ አድርግና ከስልኩ ውጭ አስቀምጥ። አይኤምኢአይ ቁጥርህ ከእሱ ጋር የተያያዘ ነው። እሱ ከተበላሸ ስልኩ ኔትወርክ አይዝም። የጉግል አፖችን የምትፈልግ ከሆነ ሮሙን ጭነህ ስልኩ ለመጀመሪያ ጊዜ ከመነሳቱ በፊት ጫናቸው። ሰው ሁሉ ይህን ይረሳል፣ ከዚያ ፕሌይ ስቶር እየተዘጋ ያስቸግረዋል።

የምታጣውንም ልንገርህ። ኖክስ የሚባል የጥበቃ ፊውዝ አለ። የሳምሰንግ ያልሆነ ሶፍትዌር ስትጭን ይቃጠላል። አንዴ ከተቃጠለ ወደ መጀመሪያው ሶፍትዌር ብትመልሰው እንኳ አይመለስም። ሳምሰንግ ፔይ የሚባለው መክፈያ ከዚያ በኋላ ፈጽሞ አይሠራም። እሱ እዚህ አገር ብዙም አያሳስብም። ሴኪዩር ፎልደር ግን ያሳስባል። እዚያ ውስጥ የደበቅኸው ካለ አስቀድመህ አውጣ። ካሜራውም የሳምሰንግን ያህል አያነሳም። አንዳንድ የባንክና የክፍያ አፖች ቡትሎደሩ የተከፈተ ስልክ ላይ አንሠራም ይላሉ። ገንዘብህን የምታንቀሳቅሰው በዚሁ አንድ ስልክ ብቻ ከሆነ ይህን ብቻ ብለህ ብትተወው አልፈርድብህም። በ4ጂ ላይ መደወልም በላይኔጅ አይሠራም፣ የሳምሰንግ የራሱ ሥራ ስለሆነ። እዚህ ጥሪው ወደ 3ጂ ወይም 2ጂ ስለሚወርድ ብዙም አይታወቅህም። አሜሪካ ያላችሁ ግን ተጠንቀቁ። ትልልቆቹ ኦፕሬተሮች 3ጂን በ2022 ዘግተዋል። ስልኩ ኢንተርኔት እያለው መደወል ያቅተዋል።

ወደ አንተ ልመለስ። ዩ ያለበት ስልክ ይዘህ አንድሮይድ 10 ላይ መቆየት ግድ ነው። ሳምሰንግ ለኤስ9 የደኅንነት ማሻሻያ መስጠት ያቆመው በ2022 ነው። ይህ ማለት ዛሬ ይጣላል ማለት አይደለም። ዋትሳፕም ቴሌግራምም ይሠራሉ። ክሮም በ2025 አንድሮይድ 8ንና 9ን ትቶ ከ10 ጀምሮ ነው የሚቀበለው። አንተ ደረጃው ላይ ነህ፣ የመጨረሻው ደረጃ ላይ። ጥንቃቄህ ግን መጨመር አለበት። አፕ ከፕሌይ ስቶር ብቻ አውርድ። ቴሌግራም ቻናል ላይ የሚለጠፈውን ኤፒኬ የሚባል አፕ መጫኛ ፋይል አትንካው፣ በተለይ የባንክ አፕ መስሎ የመጣውን።

ሮም የፈለግኸው ስልኩ ስለዘገየና ቻርጅ ስለማይቆይ ከሆነ ደግሞ መድኃኒቱ ሌላ ቦታ ነው። የኤስ9 ባትሪ ድሮውንም 3000 ሚሊአምፔር-ሰዓት ብቻ ነው። ይህን ያህል ዓመት ካገለገለ በኋላ ደክሟል። 25 ፐርሰንት ላይ ድንገት የሚጠፋ ከሆነ ምንም ጥርጥር የለውም። ጥሩ ባትሪ አስቀይር። የኋላው መስታወት በሙጫ የተጣበቀ ስለሆነ በሙቀት ነው የሚከፈተው። ቢላ ይዞ የሚነሳ ሠሪ ካየህ ስልክህን ይዘህ ውጣ። ከተከፈተ በኋላ እንደ በፊቱ ውኃ ይችላል ብለህ አትመን። ከዚያ ስቶሬጁን አራግፍ። ከሞላ ስልክ ሁሉ ይንቀራፈፋል። ባትሪ የተቀየረለትና የተራገፈ ኤስ9 ሲፈጥን አይቼ ሮም የረሱ ደንበኞች አሉኝ።

ቀጣዩን ስልክ ወንድምህ ሲገዛ ግን ከመክፈሉ በፊት የሞዴሉን ኮድ ፎቶ አንስቶ ይላክልህ። ሮም መጫን የምትወድ ከሆነ የጉግሉ ስልክ ፒክስል ይሻልሃል፣ በኦፕሬተር በኩል ያልተሸጠውን። ሻኦሚም ይከፈታል፣ ግን አካውንት አያይዘህ ቀናት ትጠብቃለህ። ሳምሰንግ ግን በ2025 ዋን ዩአይ 8 ከሚባለው አዲስ ሶፍትዌሩ ጋር ቡትሎደር መክፈቻውን ከአዳዲስ ስልኮቹ ላይ አንስቶታል። ይህ እኔን በጣም ነው ያሳዘነኝ። ስልኩን የገዛ ሰው ኩባንያው ሲተወው ራሱ የሚያድስበት መንገድ ይገባው ነበር። በሌላ በኩል የማሻሻያው ዘመን ረዝሟል። ጋላክሲ ኤስ24ም ፒክስል 8ም 7 ዓመት ቃል ተገብቶላቸዋል። ኤስ9ህ ያገኘው 4 ዓመት ነው።

አሁን ሁለቱን ቁልፎች ተጫን። 10 ሰከንድ ሞልቶ ካልተነሳ ያንኑ ስክሪን ፎቶ አንሳና ላክልኝ። ጥግ ላይ ያሉት ትንንሽ ጽሑፎች በደንብ ይታዩ፣ የማነበው እነሱን ነው።