ሊኑክስና ዊንዶውስ በአንድ ላፕቶፕ፦ ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ ዊንዶውስ 11 ባለው ላፕቶፔ ላይ ኡቡንቱን (አንዱን የሊኑክስ ዓይነት) ልጨምር ነው። ከምን ልጀምር?

መልስ፦ ፋይሎችዎን ወደ ሌላ ዲስክ ከመገልበጥ ይጀምሩ። ቀጥሎ ቢትሎከር (ዲስኩን በቁልፍ የሚቆልፈው የዊንዶውስ መሣሪያ) መሥራት አለመሥራቱን ይመልከቱ፤ የሚሠራ ከሆነ 48 አሃዝ ያለውን የማስከፈቻ ቁልፍ በወረቀት ይጻፉት። የባዮስ (ኮምፒውተሩ ሲበራ መጀመሪያ የሚሠራው ፕሮግራም) ቅንብር ሲነካ ዊንዶውስ ቁልፉን ሊጠይቅ ይችላል፤ ቁልፉ የሌለው ሰው ፋይሎቹን አያገኛቸውም። ለሊኑክስ የሚሆነውን ቦታ ከራሱ ከዊንዶውስ፣ በዲስክ ማኔጅመንት ይቀንሱ።

ጥያቄ፦ ጫንኩት፤ ግን አልሠራም አለ። ምን ላድርግ?

መልስ፦ ምኑ አልሠራም? ስክሪኑ ላይ የወጣውን ጽሑፍ ሳያመጡ ልረዳዎ አልችልም።

ጥያቄ፦ ሊኑክስን ተጠቅሜ ወደ ዊንዶውስ ስመለስ ሰዓቱ 3 ሰዓት ወደ ኋላ ይቀራል። የማዘርቦርዱ ባትሪ ደክሞ ይሆን?

መልስ፦ ባትሪው ጤነኛ ነው፤ ይህን ባለማወቅ ባትሪ የቀየሩ ሰዎች አውቃለሁ። ሊኑክስ በማዘርቦርዱ ሰዓት ላይ የሚጽፈው የዓለም አቀፉን መደበኛ ሰዓት ሲሆን፣ ዊንዶውስ ግን እዚያ ያገኘውን የአካባቢው ሰዓት አድርጎ ያነበዋል፤ አዲስ አበባ ከመደበኛው ሰዓት በ3 ስለምትቀድም ልዩነቱ በትክክል 3 ሰዓት ይሆናል። ሊኑክስን በአካባቢ ሰዓት እንዲጽፍ ማዘዝ ይቻላል፤ ሀገራችን በበጋና በክረምት ሰዓት ስለማትቀይር እዚህ ችግር አያመጣም። ዋሽንግተን ወይም ስቶክሆልም ያላችሁ ግን ይህን አታድርጉ፤ ሰዓት በሚቀየርበት ሌሊት ሁለቱም ሲስተሞች ያንኑ ሰዓት ተከታትለው አስተካክለው ሊያዛቡት ይችላሉ። ለእናንተ የሚሻለው በዊንዶውስ ሬጅስትሪ (የቅንብሮች ማከማቻ) ውስጥ «ሪል ታይም ኢዝ ዩኒቨርሳል» የተባለውን ዋጋ 1 ማድረግ ነው።

አንድ አባል፦ ከሰዓት ካነሣን፣ ኮምፒውተር ጠዋቱን 1 ሰዓት ብሎ በእኛ አቆጣጠር የማይቆጥርልን ለምንድን ነው?

ሌላ አባል፦ ቀኑስ በእኛ ምሽት 12 ሰዓት ላይ ይቀየር ወይስ ሌሊት 6 ሰዓት ላይ? መጀመሪያ እዚያ ላይ እንስማማ።

መልስ፦ ያ የአጻጻፍ ጉዳይ እንጂ የማዘርቦርዱ ሰዓት ጉዳይ አይደለም። ወደ ጥያቄው እንመለስ።

ጥያቄ፦ ኡቡንቱ ይሻላል ወይስ ሌላው የሊኑክስ ዓይነት ሚንት?

መልስ፦ የወደዱትን።

ጥያቄ፦ ሊኑክስ ላይ ሆኜ የዊንዶውሱን ክፍል ማንበብ እችላለሁ፤ መጻፍ ግን ከለከለኝ።

መልስ፦ የዊንዶውሱ ፋስት ስታርታፕ (ፈጣን መነሻ) አልጠፋም ማለት ነው። ዊንዶውስ ተዘጋ ብለው ሲያስቡ በከፊል አንቀላፍቶ ስለሚቆይ፣ ሊኑክስ ክፍሉን እንዳያበላሸው ለንባብ ብቻ ይከፍተዋል። ከፓወር ኦፕሽንስ አጥፍተው ዊንዶውስን እንደገና ይዝጉት። አስገድደው አይጻፉበት።

ጥያቄ፦ ይቅርታ፣ ዘግይቼ ገባሁ። ከምን ልጀምር?

መልስ፦ የመጀመሪያውን መልስ ያንብቡ። የቢትሎከሩን ቁልፍ በወረቀት ጽፈው ሲጨርሱ ይመለሱ።